ከመዝገቡ የወጣችው «መሰለኝ»

በጡረታ የተሸኘሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ። አንድ ኃላፊ ተነሥቶ «በሥራ ዘመናቸው አንድም ሰው ያላግባብ ያልከሰሱ ዐቃቤ ሕግ» ብሎ አወደሰኝ፤ ሰዉም አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው። ከአዳራሹ ስንወጣ ትልቋ ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። እሷም ሕግ ተምራ ደብረ ብርሃን ትሠራለች።

«አባባ፣ እውነት የሚቆጭዎት አንድም መዝገብ የለም?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

ልጆቼን ስለ ውሸት እየቀጣሁ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ይህችኑ ልጄን በሰባት ዓመቷ አስተማሪዋን ዋሽታ ስላገኘኋት እጇን ይዤ ትምህርት ቤት ወስጃት፣ በክፍሉ ልጆች ፊት አቁሜ ይቅርታ አስጠይቄያታለሁ። ያን ዕለት ያለቀሰችውን አልረሳውም። ልክ ሠርቻለሁ ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። እንግዲህ እንዲህ ያለ አባት በስልሳ ዓመቱ ጋቢ ለብሶ ልጁን ዋሸ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። የምጽፋቸው ሰዎች በሕይወት ስላሉ ስማቸውን ቀይሬያለሁ፤ የቀበሌውንም ስም አልጠራም። የራሴን ጥፋት ግን አልቀየርኩም።

የተወለድኩት ቀየት አካባቢ ነው። ዳዊት ደግሜ ጥቂት የመንግሥት ትምህርት ከተማርኩ በኋላ ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ተብሎ ችሎት ጸሐፊ ሆንኩ። ዳኛው ሲናገር እጽፋለሁ፣ ምስክር ሲናገር እጽፋለሁ። አንድ ዳኛ ሲዛወር ሽፋኑ የተገነጠለ የወንጀል ሕግ ትቶልኝ ሄደ፤ እሱን ቁጥር በቁጥር በቃሌ ያዝኩት። ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ያልገባኝን ቃል በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በኪሴ እይዝና የሚያውቅ ሰው ሲመጣ እጠይቅ ነበር። በኋላ ክልሉ ሰው ሲያጥረው እንደኔ ያሉትን ሰብስቦ ለጥቂት ወራት አሠለጠነና ረዳት ዐቃቤ ሕግ አደረገን። ደመወዙ ከጸሐፊነቱ ብዙም አይሻልም ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

መጀመሪያ የተመደብኩት መርሐ ቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነው። ለደጋ ሰው ሙቀቱ ከባድ ነበር። በረንዳ ላይ ተቀምጬ መዝገብ ሳነብ ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሥራን ያሳየኝን ሰው ያገኘሁት እዚያ ነው፤ አቶ ሽታዬ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የተናገሩ ዕለት ግን የሚናደፉ ሽማግሌ ነበሩ።

ለማያውቅ ሰው ሥራችንን ላስረዳ። ወንጀል ሲፈጸም ፖሊስ መርምሮ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ያመጣል። ዐቃቤ ሕጉ አንብቦ ከሦስት ቃል አንዱን ይጽፋል፤ «ይከሰስ»፣ «ይመለስ» ወይም «ይዘጋ»። ይመለስ ማለት ምርመራው አልበቃም፣ ሂዱና ጨምሩ ማለት ነው። አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ተከሳሽ መባሉና አለመባሉ በዚያች ቃል ይወሰናል። ዳኛ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።

አቶ ሽታዬ መዝገብ ሲያነቡ በመጀመሪያ ማስመሪያቸውን የተጠርጣሪው ስም ላይ ይጋድማሉ። ስሙን ሳያዩ ነው የሚያነቡት። «ስሙን ካየሁ አባቱን አስባለሁ፤ አባቱን ካሰብኩ ጠቡን አስባለሁ» ይሉ ነበር። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ የምስክር ቃል አጠገብ በእርሳስ አንዲት ፊደል ይጽፋሉ። ምስክሩ በዓይኑ ያየውን ሲናገር «ዓ»፣ ከሰው የሰማውን ሲናገር «ጆ»። ዓይንና ጆሮ ማለታቸው ነው። አንድ ጊዜ አምስት ምስክር ያለበት መዝገብ አምጥቼላቸው፣ «ጌታዬ፣ ይህ የተሟላ ነው» አልኳቸው። አንብበው ሲጨርሱ አምስት «ጆ» ጽፈው መለሱልኝ።

«አምስት ምስክር አልክ?»

«አዎ፣ አምስት ናቸው።»

«አንድም የለህም። አምስት ጆሮ ያለው ፍጥረት ነው ያመጣህልኝ፤ ዓይን ፈልግለት» አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ሦስተኛው ልማዳቸው እግራቸው ነበር። ምስክሩ ቆሜ አየሁ ካለበት ቦታ ሄደው ይቆማሉ። በዕድሜያቸው ገደል ወርደው ሲመለሱ አይቻለሁ። «ከዚያ አይታይም» ብለው የዘጉት መዝገብም አለ። ምስክር የተናገረውን ሲጽፉም ቃሉን አያርሙም ነበር። «እ…» ካለ «እ» ብለው ይጽፋሉ። «ያለውን ጻፍ። ልትልለት አልተቀጠርክም» ይሉኛል።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ ግሼ፣ ራቤል ተዛወርኩ፤ ከዚያ ወደ መንዝ መጣሁ። ልማዳቸውን ለብዙ ዓመት ጠበቅሁት። ማስመሪያም እርሳስም ነበረኝ። ለበታቾቼ ስለ ዓይንና ጆሮ እየሰበክሁ ኖርኩ። አንድ ጊዜ ግን ለራሴ ሰበብ ሰጠሁና ተውኩት።

ነገሩ የገብስ ክምር ነበር። በአንድ ቀበሌ የደብሩ ንግሥ ዕለት፣ ሕዝቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ከማዶ ጋራ ሥር የአንድ ገበሬ የዓመት ገብስ ተቃጠለ። ሰው ጢስ አይቶ ሲሮጥ ክምሩ ዐመድ ሆኖ ነበር። ፖሊስ ዐሥራ አምስት ቀን መርምሮ ምንም ስላላገኘ የቀበሌው ሽማግሎች አውጫጭኝ ይጠራ አሉ።

አውጫጭኝ በእኛ አገር የቆየ ነው። የቀበሌው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የሚቀር የለም። ሦስት ሽማግሎች ምለው ይመረጡና ተራርቀው ይቀመጣሉ። ሰዉ አንድ በአንድ እየሄደ በአንዳቸው ጆሮ ያየውን ያንሾካሹካል። ያላየ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ይላል። አንድ ሰው ስም የጠራ እንደሆነ ሽማግሌው ማን እንደነገረው አይናገርም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ብቻ ይላል። የሦስቱም ወፎች አንድ ስም ከጠሩ ያ ሰው ተለየ ማለት ነው። ሕጉ ይህን ማስረጃ አይለውም፤ ለምርመራ መነሻ ብቻ ነው። እኔም ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

ያን ቀን ከመርማሪው ሳጅን ጋር ዳር ቆመን አየን። ሽማግሎቹ ተነሥተው መጡ። የመጀመሪያው «የእኔ ወፍ ደምሴን ጠራች» አሉ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚሁ። ደምሴ ከመካከል ተቀምጦ ነበር፤ በአጠገቡ የነበሩት ሰዎች ቀስ ብለው ራቁት። የክምሩ ባለቤት የድንበር ጎረቤቱ ነው፤ ተጣልተው ያውቃሉ። ሦስት ወፍ፣ አንድ ጠብ። በልቤ መዝገቡ እዚያው ሜዳ ላይ ተዘጋጀ።

ደምሴን ቢሮዬ አስመጣሁት። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ እኔ ግን «አንተ» እያልኩ ነበር የማናግረው።

«ንግሥ ዕለት የት ነበርክ?»

«ጓሳ።»

«ጓሳ ተዘግቷል እኮ፤ የወሉ ሣር እስኪከፈት ማንም አይገባም። ምን ልትሠራ ወጣህ?»

በርኖሱን ሰብሰብ አድርጎ ወደ በሩ አየ።

«ስጠይቅህ መልስ።»

«ጓሳ ነበርኩ አልኩ እኮ፣ ጌታዬ» አለና መሬት መሬት አየ። ፊቱ ጠቆረ። ግንባሩን በበርኖሱ ጫፍ ጠረገ።

ያን ፊት የወንጀለኛ ፊት ነው አልኩ። ጓሳ ሰው ልኬ አላስጠየቅሁም።

ሽማግሎቹን ወፎቻችሁ ቀርበው ካልመሰከሩ መዝገቡ ይዘጋል፣ ያቃጠለው ሰውም በነፃ ይቀራል ብዬ አስጨነቅኋቸው። ወፍን ማጋለጥ ነውር ነው፤ ሆኖም ሄደው ጠየቁና ሦስቱም ፈቅደው መጡ። አንዷ ወይዘሮ አሰለፈች የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ሁለተኛው አማቻቸው፣ ሦስተኛዋ ጎረቤታቸው። ሦስቱ ወፎች ከአንድ ግቢ መምጣታቸውን እንኳ ልብ አላልኩም፤ ልብ ብልም ደስ ባላለኝ ነበር። አማቹና ጎረቤቲቱ የሰጡት ቃል አሁንም በቃሌ አለ። «ደምሴ ከክምሩ በኩል ሲወርድ ታየ» የሚል ነው። ታየ። ማን አየው? አቶ ሽታዬ ቢሆኑ ገና «ታየ» የምትለዋን ሳያልፉ እርሳሳቸውን አንሥተው «ጆ» ይጽፉ ነበር።

ያየው ዓይን የወይዘሮ አሰለፈች ብቻ ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ካቡ ላይ ዐርፈው ነበር። ሳጅኑ ቃላቸውን ሲቀበል እኔም ተቀምጬ ነበር።

«አንድ ሰው ከጋራው ሲወርድ አየሁ፤ ጥቁር በርኖስ ለብሷል። ደምሴ መሰለኝ» አሉ።

ሳጅኑ ብዕሩን አቆመና ወደኔ ዘወር አለ። «‹መሰለኝ›ን ምን ላድርጋት?»

«የመንዝ ሰው ስሙን ሲጠየቅም መሰለኝ ይላል። የአነጋገር ልማድ ነው» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «ደምሴን አየሁት» ተብሎ ተጻፈ።

ወይዘሮ አሰለፈች ፊደል አይቆጥሩም። ሳጅኑ ቃላቸውን ፈጠን ፈጠን አድርጎ አነበበላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ካስነኩ በኋላ እጃቸውን በአየር ላይ አንጠልጥለው ቆዩ።

«መሰለኝ ያልኩት አለበት?» አሉኝ።

«ሁሉም አለበት፣ እማማ» አልኳቸው።

ፈረሙ።

ይህን ስጽፍ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጫለሁ። በቸልተኝነት ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ አልነበረም። አዳምጬ፣ ገብቶኝ፣ አስቤ ነው ያልኩት። መዝገቡ እንዲያምርልኝ ፈልጌ ነበር። የክምሩ ባለቤት በየሳምንቱ እየመጣ የቢሮዬ በር ላይ ይቆማል፤ አለቆቼ ይጠይቃሉ፤ ሦስት ወፍ ተናግራለች። ስለዚህ «ይከሰስ» ብዬ ጻፍኩ። ካቡ ላይ ሄጄ አልቆምኩም። ማስመሪያዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አላነሣሁትም።

ፍርድ ቤቱ ደምሴን በዋስ ይለቀቅ ቢል ዋስ የሚሆን ጠፋ። ወፍ የጠራውን ሰው ማን ይዋሳል? ሰባት ወር ታሰረ። የማኅበሩ ጽዋ ተራው ሲደርስ ዘለሉት። ልጁን ያጩት ሰዎች ሽማግሌ ልከው ነገሩን አፈረሱት። ይህን ሁሉ ያኔ ሰምቼዋለሁ፤ የሥራው የወትሮ ነገር ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

በክርክሩ ቀን ወይዘሮ አሰለፈች ከቆሙ በኋላ ዳኛው፣ ወጣት ሰው፣ «እናቴ፣ ደምሴን አይተዋል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ኧረ እኔስ መሰለኝ ነው ያልኩ።»

«እዚህ አየሁት ይላል።»

«እንግዲህ እኔ ማንበብ አላውቅ። መሰለኝ ብያለሁ፤ ለእኒያም ነግሬያቸዋለሁ» ብለው በጣታቸው ወደኔ አመለከቱ። «በርኖሱ ጥቁር ነበር። የደምሴም በርኖስ ጥቁር ነው። ነጭ በርኖስ ያለው ማን አለ? ለአማቼና ለጎረቤቴ ደምሴ መሰለኝ ብዬ አወራሁ፤ እነሱ እንዴት አድርገው እንዳደረሱት እኔ ምን አውቃለሁ?»

ችሎቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሳቀ። እኔ ወረቀት ማገላበጥ ጀመርኩ።

ከዚያ አንድ የጓሳ ጠባቂ ሳይጠራ ተነሣ። ንግሥ ዕለት ደምሴን በተዘጋው ጓሳ ሣር ሲያጭድ እንዳገኘው፣ የዘመድ ነገር ሆኖበት ማጭዱን ብቻ ቀምቶ እንደለቀቀው ተናገረ። የእናቱ ቤት ክዳን አፍስሶ ነበር። ደምሴ ራሱ ጓሳን ለማስጠበቅ ከማሉት የኮሚቴ አባላት አንዱ ነው። ቢሮዬ ውስጥ መሬት መሬት ያየው ለዚህ ነበር። ያፈረ ሰው አይቼ ወንጀለኛ አልኩት። ነፃ የወጣውም ነውሩ በአደባባይ ከተነገረ በኋላ ነው፤ ከኮሚቴውም ወጣ። ክምሩን ማን እንዳቃጠለው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ብቻዬን ሄጄ ወይዘሮ አሰለፈች የተቀመጡበት ካብ ላይ ተቀመጥኩ። ከማዶ ጋራ አንድ ሰው ይወርድ ነበር። ሰው መሆኑን አወቅሁ፤ ማን መሆኑን ግን አላወቅሁም። ቀና ብዬ ቆምኩ፣ ዓይኔን በእጄ ከለልኩ፣ አልለይልህ አለኝ። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ ማቆም ብችል ጥፋቴ አንድ ይሆን ነበር። መዝገቡ ለምን እንደወደቀ ለበላይ ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝና «ዋናዋ ምስክር ቃሏን በመለወጧ» ብዬ ጻፍኩ። አራት ቃል ናት። ወረቀት ከቢሮ አይወጣም ብዬ ነበር፤ ወጣ። አሰለፈች በደምሴ ወገን ተደልላ ቃሏን ለወጠች ተባለ። የክምሩ ባለቤት ዘመዶች ቤተ ክርስቲያን ሲያገኟቸው ፊታቸውን ያዞሩባቸው ጀመር። አማቻቸው፣ እሱም ችሎት የተሳቀበት፣ «እኔን ውሸታም አደረጉኝ» ብሎ ደጃቸውን መርገጥ ተወ። እኔ ይህን ሰምቼ በመሥሪያ ቤቴ ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥኩ።

ጋቢ በለበስኩ በሳምንቱ ለልጄ ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ለምንድን ነው ለእኔ የሚነግሩኝ፣ አባባ?» አለች።

«ዋሽቼሽ ስለነበር።»

«እኔን እርስዎ ክፍል ድረስ ነው የወሰዱኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ይሄ ነው የከበደኝ።

ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። የበጎቹን በረት ካብ እየጠገነ ነበር።

«እርስዎን ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ያኔ አንተ ይሉኝ ነበር። በዚያው ይቀጥሉ፤ ለምጄዋለሁ» አለና ድንጋዩን አስቀመጠ። መቀመጫ አላቀረበልኝም። የምለውን ሁሉ ቆሜ ተናገርኩ፤ ስለ «መሰለኝ»፣ ስለ ጣት ቀለሙ፣ ስለ ሪፖርቱ። እስከ መጨረሻ ሰማኝ።

«የእኔ እስሩ አለቀ» አለ። «ልጄም ሌላ አገባች፤ ወልዳለች። ማኅበሩም መልሶኛል። ጓሳውን ደግሞ አጭጃለሁ፤ እሱን አልክድም። እኒያ ሴትዮ ግን ዛሬም ብቻቸውን ነው የሚቀመጡ። እኔን ነፃ ያወጣኝ የእሳቸው አፍ ነው። ለእኔ ከሚነግሩኝ ለሰዉ ይንገሩ።»

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅጄ ከደጀ ሰላሙ ፊት ቆምኩ። አውጫጭኙ ላይ የነበረው ሰው ብዙው እዚያ ነበር፤ ከሦስቱ ሽማግሎች በሕይወት ያሉት ሁለቱም መጥተዋል። ወይዘሮ አሰለፈች ከሴቶቹ በስተኋላ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። በሕግ ቋንቋ ተናግሬ እንዳላመልጥ ፈርቼ ነበርና በአጭሩ አልኩት።

«ወይዘሮ አሰለፈች ቃላቸውን አልለወጡም። መጀመሪያም ደምሴ መሰለኝ ነው ያሉት፤ ያን ቃል ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አለበት ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አለበት ብዬ ዋሸኋቸው። ክሱ ሲወድቅብኝ ደግሞ በእሳቸው አሳበብኩ። ማንም አልደለላቸውም።»

የወይዘሮ አሰለፈች ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ቀጭን ነው፣ ግን ሁሉም ሰማው።

«ይህን ለማለት ጡረታ እስኪወጡ ነው የጠበቁት?»

እንጀራዬን ፈርቼ፣ ስሜን ፈርቼ፣ የልጆቼን ዓይን ፈርቼ ብዬ ልዘረዝር እችል ነበር። ሁሉም እውነት ነው።

«አዎ፣ እማማ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላሉኝም፤ እንዲሉኝም አልጠየቅሁም። ሊነሡ ሲሞክሩ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። ያኔ አማቻቸው ከወንዶቹ መካከል ወጣ፤ በሰው ፊት ሜዳውን አቋርጦ ወደ ሴቶቹ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። በትራቸውን ከመሬት አንሥቶ ሰጣቸው። ሁለቱ ቀስ ብለው ወደ በሩ ሲሄዱ ሰዉ ግራና ቀኝ መንገድ ለቀቀላቸው። ከዚያ እነሱን ተከትሎ ወጣ፤ እኔም ሁሉም ወጥቶ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ።